ሲጋራ ካቆምን በኋላ ሳንባችን ውስጥ ምን ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲጋራ ያቆመ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ራሱን ማዳመጥ ያበዛል። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹን ይታዘባል። አክታውን ያያል። ትንሽ ካሳለው ይደነግጣል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ መልሱን የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጓደኛ ወይም ቲክቶክ ነው። እዚህ በብዛት የሚነሱትን ሰብስበናል።

አንድ ነገር ቀድመን እንበል። ሁሉም የሰውነት ክፍል በአንድ ፍጥነት አያገግምም። ደም በሰዓታት ይለወጣል። የአየር ቧንቧ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። የካንሰር ስጋት የሚቀንሰው በዓመታት ነው። ጭራሽ የማይመለስ ነገርም አለ። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው እነዚህን አንድ ላይ ከመደባለቅ ነው።

የመጨረሻዋን ሲጋራ ካጠፋሁ በኋላ መጀመሪያ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ደምዎ። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። በር ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው፤ እዚህ መጠኑ ያንሳል እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚያያዘው ኦክስጅን ከሚያያዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። ስለዚህ አጫሽ ሰው ኦክስጅን ሊሸከምለት ከሚገባው ሄሞግሎቢን የተወሰነው ሁልጊዜ ተይዟል። ብዙ የሚያጨስ ሰው ላይ ከመቶ 10 እጅ ሊደርስ ይችላል።

ማጨስ ሲቆም የጋዙ መጠን በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በማግስቱ፣ ቢዘገይ በሁለተኛው ቀን፣ የማያጨስ ሰው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ለዚህ መድኃኒትም ሻይም አያስፈልግም። መተንፈስ ብቻ ይበቃል።

ደጋ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ሲጋራው የሚቀንሰው ከዚህ ካነሰው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ይብሳል።

እግረ መንገዳችንን፦ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጉዳት አያሳይም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል። አጫሽ ሆነው "መለኪያው ጥሩ ቁጥር ነው ያሳየኝ" ብለው አይጽናኑ።

ሳጨስ ብዙም አያስለኝም ነበር። ካቆምኩ በኋላ ሳል ያዘኝ። ምን ጉድ ነው?

ብዙ ሰው ተመልሶ እንዲያጨስ የሚያደርገው ይሄ ነው። "ሲጋራው ነበር ይዞልኝ የነበረው" ይላል፣ አንዷን ይለኩሳል፣ ሳሉም ጋብ ይልለታል። ከዚያ በኋላ ማን ያሳምነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአየር ቧንቧዎቻችን ውስጠኛ ግድግዳ በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። ሲሊያ ይባላሉ። ከላያቸው ስስ የአክታ ሽፋን አለ። የምንስበው አቧራና ጀርም እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሲሊያዎቹ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ተያይዘው ይወዛወዛሉ፤ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል። በዚህ እንቅስቃሴ ሽፋኑን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እኛ ሳይታወቀን እንውጠዋለን። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ሥራ ሌት ተቀን አይቋረጥም።

ጭሱ ውስጥ ያሉት እንደ አክሮሊን ያሉ ኬሚካሎች ሲሊያዎቹን ያዳክሟቸዋል። ማጨሱ ለዓመታት ሲቀጥል ያጥራሉ፤ ይሳሳሉ፤ በአንዳንድ ቦታ ከነጭራሹ ይጠፋሉ። አክታ የሚያመነጩት ሴሎች ግን በተቃራኒው ይበዛሉ። አክታው ይበዛል፣ የሚያወጣው ይጠፋል። ያለው አንድ መንገድ ማሳል ነው። አጫሽ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚያረፍደው ሌሊቱን የተጠራቀመውን ለማውጣት ነው።

ማጨስ ሲቆም ሲሊያዎቹ በሳምንታት ውስጥ ማገገም ይጀምራሉ። ታች ተቀምጦ የነበረው አክታ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ላይ ሲመጣ ያስላል። ሁለተኛም ምክንያት አለ። ማጨስ የሳል ስሜትን ያደነዝዛል። ያቆሙ ሰዎች ላይ ይህ ስሜት በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ እንደሚነቃ ታይቷል። ድሮ ዝም ብሎ ያልፈው የነበረውን ነገር ቧንቧው አሁን "ውጣልኝ" ይለዋል። ሲጋራው ሲለኮስ ሳሉ ጋብ የሚለውም ስሜቱ እንደገና ስለሚደነዝዝ ነው።

ሁሉም ሰው ግን አያስለውም። ካላሳለዎት ሳንባዬ አላገገመም ማለት አይደለም።

እስኪያልፍ ድረስ ውሃ አዘውትረው ይጠጡ። ሞቅ ያለ ሻይ በማር ጉሮሮ ያለሰልሳል። ማታ ትራሱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይረዳል። ሳል የሚያፍን ሽሮፕ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ፤ መውጣት ያለበትን አክታ ለምን ይይዙታል?

ሳሉ እስከ መቼ ይቆያል? ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝስ መቼ ነው?

ብዙዎች ላይ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እየቀለለ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሳልና የትንፋሽ ማጠር ካቆሙ ከ1 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀንሳል።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ካቆምኩ ወዲህ ነው፣ ሳንባዬ እየጸዳ ነው" እያሉ ወራት ማሳለፍ አደገኛ ነው። በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው የቲቢ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል። ማጨስ ደግሞ ራሱ ለቲቢ ያጋልጣል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ካለፈ አክታ መስጠት ነው። ነጻ ሆነው ከተገኙ እሰየው፤ ከተገኘም ይታከማል።

ሳምንት ሳይጠብቁ የሚሄዱባቸው ምልክቶችም አሉ፦ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ማታ ማታ የሚያሰምጥ ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ሳይሻለው የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ ተቀምጠውም የሚያስቸግር የትንፋሽ ማጠር።

ትንፋሼ መቼ ነው የሚከፈትልኝ?

አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ልዩነቱን ያየዋል። ሌላው ሦስት ወር ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ጊዜ ከ2 እስከ 12 ሳምንት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወጥቷል፤ የቧንቧው ግድግዳ እብጠት እየቀነሰ ነው፤ አክታው እየወጣ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ሰውየው "ደረቴ ቀለለኝ" ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ብዙም አይወራም። እኔ በበኩሌ ትልቁን ጥቅም የማየው እዚያ ነው። ሐኪሞች የሳንባን አቅም የሚለኩት ስፓይሮሜትሪ በሚባል ምርመራ ነው። በደንብ አየር ስበው በኃይል ያወጣሉ፤ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው አየር ይለካል። ይህ ቁጥር ከወጣትነት በኋላ በማንም ሰው ላይ ይቀንሳል፤ ባላጨሰ ሰው በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ። ጭሱ በሚጎዳው አጫሽ ላይ ግን ቅነሳው እጥፍ ይሆናል።

ይህን በደንብ ያሳየው ላንግ ኸልዝ ስተዲ የተባለው ጥናት ነው። በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደ ሲሆን 5,887 አጫሾችን ይዟል። ሁሉም ቧንቧቸው መጥበብ የጀመረ ነበሩ። ከ11 ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ማጨስ የቀጠሉት ወንዶች በዓመት በአማካይ 66 ሚሊ ሊትር አጥተዋል። አቁመው የጸኑት ያጡት 30 ነው። በሴቶቹ 54 እና 22 ገደማ ነበር። የወንዶቹን ልዩነት በ11 ዓመት ቢያባዙት ወደ 400 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ሽማግሌ ሆነው ዳገት ሲወጡ የሚፈልጉት ያንን ነው።

ያቆሙት ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት መሻሻልም አሳይተዋል። የሴቶቹ መሻሻል ከወንዶቹ በእጥፍ በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት "ለውጥ የለኝም" ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ባያቆሙ ኖሮ የት ይደርሱ እንደነበር መስታወት አያሳይዎትም።

ሳንባዬ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ይሆናል?

እውነቱን ለመናገር፣ የሚሆንም የማይሆንም ክፍል አለው።

ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ግድግዳቸው የሚለጠጥና የሚመለስ ነው። ጭሱ የሚጠራቸው የመከላከያ ሴሎች ይህን የሚለጠጥ ነገር የሚበሉ ኢንዛይሞች ይለቃሉ። ግድግዳው ይፈርሳል። ትንንሾቹ ከረጢቶች እየተቀላቀሉ ትልልቅ፣ የላላ ክፍተት ይሆናሉ። ኤምፊዚማ የሚባለው ይሄ ነው። የፈረሰ ከረጢት ተመልሶ አይሠራም። ማጨስ ማቆም ቀሪዎቹን ከመፍረስ ያድናል፤ ያ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቧንቧዎቹ ጉዳይ የተሻለ ነው። እብጠቱ ይቀንሳል፤ ሲሊያው ያድጋል፤ አክታው ይቀንሳል። ነገር ግን ሲኦፒዲ የሚባለው የቆየ የሳንባ በሽታ ከያዘ በኋላ እብጠቱ ካቆሙም በኋላ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ካቆመ አምስት ዓመት ሆኖት ፓፍ የሚጠቀመው። ሲጋራ በማቆሙ አይደለም የታመመው፤ ሲያጨስ ነው።

የጠቆረው ሳንባስ ይነጣል?

ሲጋራ ፓኬት ላይ ያለው ፎቶ ሰው ልብ ውስጥ ይቀራል። በእኛ ሕግ ማስጠንቀቂያው የፓኬቱን 70 በመቶ ስለሚይዝ አለማየትም አይቻልም።

ጥቁሩ ነገር የጭስ ብናኝ ነው። የመከላከያ ሴሎች ይውጡትና ሳንባ ውስጥ ይዘውት ይቀመጣሉ። የተወሰነው ቀስ በቀስ ይወጣል፤ የተወሰነው ለዓመታት እዚያው ይኖራል። ግን ቀለሙን ብዙ አያሳስብዎት። ሲጋራ ቀምሰው የማያውቁ፣ ጭስ በበዛበት ማድ ቤት ያረጁ እናቶችም ሳንባቸው ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ሐኪሙም የሚጠይቅዎት ሳንባው ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ወተት ሳንባ ያጥባል ይባላል። ዝንጅብልስ? ባሕር ዛፍ መታጠንስ?

ቀለም ቀቢውም በያጁም ሥራ ሲጨርስ ወተት ይጠጣል። "ያጥባል" ተብሎ ነው። ወተቱ የሚሄደው ግን ወደ ጨጓራ ነው። ወደ ሳንባ ከሄደ ትን ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ሆስፒታል ያስገባል። ወተት ምግብ ነው፤ ከወደዱት ይጠጡ።

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር ጉሮሮ ላይ ደስ የሚል ስሜት አላቸው። ባሕር ዛፍ መታጠን የታፈነ አፍንጫን ይከፍታል። በዚህ ልክ ከተጠቀሙባቸው ጉዳት የለውም፤ የፈላ ውሃው እንዳያቃጥልዎት ብቻ ይጠንቀቁ፤ አስም ካለብዎት ደግሞ እንፋሎቱ ሊቀሰቅስብዎት ይችላል። ሳንባ ውስጥ የገባ ታርን (የጭሱን ተጣባቂ ዝቃጭ) የሚያወጣ ሻይ፣ ዱቄት ወይም ጠብታ ግን የለም። "በ7 ቀን ሳንባ የሚያጸዳ" እያሉ ፌስቡክ ላይ የሚሸጡትን ዝም ብለው ይለፉ። ሳንባ ራሱን የሚያጸዳበት መንገድ አለው፤ የጎደለው ጭሱ መቆሙ ብቻ ነበር።

የካንሰር ስጋቴስ?

ይቀንሳል፤ ግን ዜሮ አይሆንም። ካቆሙ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድል ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል።

እንዴት ሊቀንስ ቻለ? ሲጋራ የሴሎችን ዲኤንኤ ያበላሻል፤ የተበላሸ ዲኤንኤ ደግሞ እንደማይመለስ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት አስገራሚ ነገር አሳየ። ከ16 ሰዎች የአየር ቧንቧ ሴሎችን ወስደው አንድ በአንድ መረመሩ። ያቆሙት ሰዎች ላይ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ሴሎች አጭሶ ከማያውቅ ሰው ሴሎች ጋር የሚቀራረቡ ነበሩ። ማጨስ የቀጠሉት ላይ እንዲህ ያሉት ሴሎች በአራት እጥፍ ያንሳሉ። ተመራማሪዎቹ የገመቱት የተበላሹት ሴሎች ታድሰው ሳይሆን፣ ከጭሱ ተሸሽገው የቆዩ ጤነኛ ሴሎች ተባዝተው ቦታውን ይዘው እንደሆነ ነው። 16 ሰው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ሲታይ የነበረው የስጋት መቀነስ ከየት እንደመጣ ፍንጭ ይሰጣል።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር። እዚያ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆነ፣ ቢያንስ በቀን አንድ ፓኬት ለ20 ዓመት ያጨሱ ወይም ከዚያ ጋር እኩል የሚሆን፣ አሁንም የሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በየዓመቱ በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ስካን እንዲነሡ ይመከራል። አባትዎ ወይም እናትዎ እዚህ ውስጥ ከገቡ፣ ቀጠሮ ሲኖራቸው አብረው ገብተው ይጠይቁላቸው። ብዙ ጊዜ ቋንቋው ስለሚያስቸግራቸው እነሱ አያነሱትም።

30 ዓመት አጭሻለሁ። አሁንማ ምን ዋጋ አለው?

አለው። የእንግሊዝ ሐኪሞችን ከ1951 ጀምሮ ለ50 ዓመት የተከታተለው የሪቻርድ ዶልና የባልደረቦቹ ጥናት ይህን መልሷል። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት ከቀጠሉት ይልቅ በአማካይ 3 ዓመት ያህል አትርፈዋል። በ50 ያቆሙት 6፣ በ40 ያቆሙት 9፣ በ30 ያቆሙት ደግሞ 10 ዓመት ገደማ። ቀደም ማለቱ ይሻላል፤ በዘገየ ጊዜም ባዶ እጅ አይመለሱም።

በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የማጨሰው። ይህም ይቆጠራል?

ይቆጠራል። በነጠላ ስለምንገዛ "እኔ እኮ አጫሽ አይደለሁም" ማለት ይቀናናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ከ25,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት በቀን ከአምስት በታች የሚያጨሱትን በቀን 30 እና ከዚያ በላይ ከሚያጨሱት ጋር አነጻጽሯል። ጥቂት የሚያጨሱት ሰዎች ተጨማሪ የሳንባ አቅም መቀነስ የብዙ አጫሾቹን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነበር። ከ30 ወደ 4 ማውረድ ጉዳቱን ወደ አንድ ሰባተኛ ያወርደዋል ብለው ካሰቡ፣ ሳንባው በዚያ ሒሳብ አይሄድም። መቀነስን ወደ ማቆም መሸጋገሪያ ያድርጉት፤ እዚያ ላይ ቤት አይሥሩ።

በሺሻ ወይም በቬፕ (በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ብተካውስ?

ሺሻ መተካት አይባልም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም፤ የሚነድደው ከሰል ደግሞ የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ መቀመጥ ከአንድ ሲጋራ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጭስ ያስገባል።

ቬፕ የሚቃጠል ነገር ስለሌለው መርዙ ከሲጋራ ያንሳል። ያንሳል ማለት ግን የለውም ማለት አይደለም፤ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፤ የኒኮቲን ሱሱም ይቀጥላል። ደግሞ በኢትዮጵያ ሺሻም ቬፕም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከሉ ናቸው። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ማጣበቂያ፣ የኒኮቲን ማስቲካ፣ ወይም ሐኪም የሚያዘው የማጨስ ማቆሚያ መድኃኒት ቫሬኒክሊን የተሻለ ምርጫ ነው። ሁሉም ፋርማሲ ላይ አይገኝም፤ ጠይቆ መፈለግ ነው።

አስም አለብኝ። በማቆሜ የሚለወጥ ነገር አለ?

አለ፤ በሳምንታት ውስጥ። በፓፍ የሚሳቡት የስቴሮይድ መድኃኒቶች የሚያጨስ ሰው ላይ በደንብ አይሠሩም። ሲያቆሙ ያው መድኃኒት የበለጠ ይሠራልዎታል።

ቲዮፊሊን የሚባለውን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን ማቆምዎን ለሐኪሙ የግድ ይንገሩ። ጭሱ ጉበትን ስለሚያነቃቃ መድኃኒቱ ቶሎ ይወገድ ነበር። ሲያቆሙ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይልና ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ከዚያም የባሰ ሊያመጣ ይችላል። መጠኑ መስተካከል አለበት።

ካቆምኩ ወዲህ ቡና ልቤን ያስመታዋል። እንቅልፍም የለኝም።

ምክንያቱ ከላይ ያልነው ነው። ካፌይንም በዚያው መንገድ ነው የሚወገደው። አጫሽ ሳሉ ሰውነትዎ ካፌይኑን ቶሎ ያስወጣው ነበር፤ አሁን በእጥፍ ያህል ይቆያል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተው ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድሩና "ሲጋራ ማቆም እንቅልፍ ነሳኝ" ይላሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ። በአቦል መነሣት ለአስተናጋጇ ቅር ቢያሰኝም ትረዳዎታለች።

ጫት ለሚቅም ሰው ነገሩ ይከብዳል። ምርቃናው ላይ ሲጋራ አለመለኮስ ለብዙዎች አይሞከርም። ሲጋራውን ብቻ ትቼ ጫቱን እቀጥላለሁ ያለ ሰው ሲሳካለት እምብዛም አላየሁም።

በጾም ብጀምረውስ?

ጥሩ ሐሳብ ነው። በረመዳን የሚጾም አጫሽ እስከ ማፍጠሪያ ድረስ ከ13 ሰዓት በላይ ሳያጨስ ይውላል። በዚያ ሰዓት የካርቦን ሞኖክሳይዱ አብዛኛው ወጥቷል። ማፍጠሪያ ላይ በተምር ፋንታ ሲጋራ የሚቀድመው ሰው በአምስት ደቂቃ መልሶ ማስገባት ይጀምራል። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። ሰውነት የለመደውን ኒኮቲን ሲያጣ የሚሰማው ጭንቀትና አምሮት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ በአብዛኛው በአራት ሳምንት ይረግባል። ፋሲካ ሲደርስ ሰውነትዎ ሲጋራውን ተሰናብቶ ጨርሷል። የሚያስቸግረው የፋሲካ ማግስት ጓደኛ ነው።

ቀዶ ሕክምና አለብኝ። መቼ ልተው?

ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት። ሳንባው ከማደንዘዣ በኋላ የሚገጥመው ችግር ይቀንሳል፤ ቁስሉም የተሻለ ይድናል። ጊዜው ካጠረ ደግሞ ዛሬውኑ።

ሲጋራውን ተውኩ፤ ቤት ውስጥ ግን ከሰልና እጣን አይጠፋም።

ሳንባ ጭሱ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። የእንጨትና የከሰል ጭስም ሲኦፒዲ ያመጣል። እያገገመ ያለ የአየር ቧንቧ ደግሞ ይበልጥ ስሱ ነው። ቡናው ይፈላ፤ መስኮቱና በሩ ግን ይከፈት። ከሰሉን ውጭ አያይዞ ጭሱ ሲያልቅ ማስገባት ጭሱን ይቀንሰዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አይታይም አይሸትምም፤ ስለዚህ በተዘጋ ክፍል በፍጹም። እጣኑን ለጊዜው ትንሽ ያድርጉት።

ስፖርት ሳንባዬን ያድሰዋል?

የፈረሰውን ከረጢት አይሠራም። የሚለወጠው ጡንቻውና ልቡ ነው፤ ያለውን ኦክስጅን በቁጠባ መጠቀም ይለምዳሉ። በዚህም ያው ሳንባ ይዘው የበለጠ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ሳምንት እንጦጦ መሮጥ አያስፈልግም። ሜዳ ላይ እያወሩ መሄድ የሚችሉበት ፍጥነት ይበቃል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ዳገቱን።

አቁሜ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ሰርግ ላይ ጀመርኩ። ሁሉም ነገር ከዜሮ ነው?

አይደለም። ከላይ በጠቀስነው የላንግ ኸልዝ ጥናት ውስጥ እያቆሙ እየጀመሩ የቆዩ ሰዎችም ነበሩ። የሳንባቸው አቅም ቅነሳ ጸንተው ካቆሙት ይበልጣል፤ ያለማቋረጥ ካጨሱት ግን ያንሳል። ያ ስድስት ወር ተቆጥሮልዎታል። ሲሊያው ግን ጭስ ሲያገኝ እንደገና ይዳከማል፤ ጠዋት የሚያስለው አክታም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ሰኞን ወይም የወሩን መጀመሪያ አይጠብቁ። ኪስዎ ውስጥ የቀረችውን ፓኬት አሁኑኑ ይጣሏት፤ በሚቀጥለው ሰርግ ላይ ደግሞ ከማያጨሱት ጠረጴዛ ይቀመጡ።